ሲኞራ ለመቃብራቸው የተነሱት ፎቶ

ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ከነበረው የስደተኞች ማረፊያ እንደወጣሁ ያገኘሁት ሥራ፣ ሮም ውስጥ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት መንከባከብ ነበር። ሲኞራ እላቸዋለሁ፤ በጣሊያንኛ እመቤት እንደማለት ነው። በወጣትነታቸው ላባ ደፍተው በየቲያትር ቤቱ መድረክ የሚጨፍሩ ዳንሰኛ ነበሩ። የሳሎናቸው ግድግዳ የዚያን ጊዜ በተነሷቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ተሞልቷል፤ ትከሻቸው ተራቁቶ፣ ቅንድባቸው እንደ ክር ቀጥኖ፣ ዓይናቸው ሽቅብ እያየ። እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ያደግሁ ነኝ፤ መጀመሪያ ሰሞን አቧራ ስጠርግ እንኳ ቀና ብዬ አላያቸውም ነበር። ሲኞራ ይስቁብኛል።

አንድ ቀን ጠዋት ለመቃብራቸው ፎቶ መነሳት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። እዚህ አገር የሟች ፎቶ መቃብሩ ላይ ይለጠፋል። ከግድግዳው አንዱን ቢመርጡ ምን አለበት አልኳቸው።

«ያችን ልጅ ሰው ጠግቦ አይቷታል» አሉኝ። «እኔን ግን ያየኝ የለም።»

በወጣትነታቸው ያነሷቸው ፎቶግራፈር በሕይወት ነበሩና ሲኞራ ደወሉላቸው። ሽማግሌው ካሜራቸውን በቦርሳ ይዘው በአውቶቡስ መጡ። የሲኞራ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ቅንድባቸውን የኳልኳቸው እኔ ነኝ። መብራቱንም ከፍ አድርጌ እንድይዝ ታዘዝኩ። ሽማግሌው ትከሻዎን ያዙሩ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሲኞራ ቀድመው ዞረው፣ አገጫቸውን አንስተው ነበር። ሁለቱም ሳቁ።

ሲጨርሱ ሲኞራ ወንበሩን አሳዩኝ። «አሎራ፣ በይ እንግዲህ ሽርጥሽን አውልቂና ተቀመጪ።»

እኔ ጣሊያን ከገባሁ ጀምሮ የተነሳሁት ለፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ የሚሆነውን ፎቶ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት፣ ያለ ፈገግታ። ባፍርም ተቀመጥኩ። ሲኞራ ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፈው መብራቱን ያዙልኝ፤ ካሜራውን ትቼ የምወደው ሰው በበሩ ሲገባ እንዳየሁ እንድሆን መከሩኝ። እናቴን አሰብኩ።

ፎቶዎቹ ሲደርሱ ሲኞራ የራሳቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሽበታቸው በርቷል፣ እያንዳንዱ መስመር ይታያል፣ አንገታቸው ግን የዳንሰኛ ነው። ለመቃብር ያሳሳል ብለው ከወጣትነታቸው ፎቶዎች መካከል አሰቀሉኝ።

የኔን ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። «ሰው መስለሻል፣ ልጄ» አለችኝ። ሲኞራ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ቃሉን ወደ ጣሊያንኛ ብመልሰው ስድብ ሆነብኝ፤ ስቄ «ወዳዋለች» አልኳቸው።