አክስቴና የጣሪያው ገመድ

አክስቴ ከሰው ጋር ስትተዋወቅ መጀመሪያ የምታየው የሸሚዙን ኮሌታ ነው፤ ፊቱን ኋላ ትደርስበታለች። የሆስፒታላችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት። እኔ ደግሞ እዚያው የተቀደደ አንሶላ የምሰፋ የእህቷ ልጅ ነኝ። ስለዚህ ስለ እሷ የምናገረው አድልዎ አለበት የሚል ሰው ቢኖር አልከራከረውም። አደላለሁ።

ከተማችን ከፍታ ላይ ናት። ከቆላ የመጣ ሰው የሆስፒታሉን ደረጃ ሲወጣ መሃል ላይ ቆም ብሎ ስልኩን ያያል፤ ስልኩን አይደለም፣ ትንፋሹን ነው የሚፈልገው። አክስቴ ግን እርጥብ አንሶላ የሞላ ቅርጫት ታቅፋ እስከ ጣሪያው ድረስ እያንጎራጎረች ትወጣለች። ማድረቂያ ማሽን ሳይኖረን ቀርቶ አይደለም። እሷ "ሣጥኑ" ነው የምትለው፤ ዝናብ ካላስገደዳት አታስነሳውም። "ፀሐይ እንዲህ ጎረቤት ሆና ሳለ አንሶላ ሣጥን ውስጥ ማፈን ግፍ ነው" ትላለች። እውነቷን ነው። የእኛ ፀሐይ አፍንጫ ትልጣለች፤ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ግን ጃኬት ያስፈልጋል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በነጫጮቹ አንሶላዎች መካከል ሽር ጉድ ስትል ሳያት በእሷ እኮራለሁ።

ባሏን ጋሼ እለዋለሁ። ዝምተኛ ነው፤ የእሷ ምላስ ለሁለቱም ስለሚበቃ ይሆናል። ሥራው የሆስፒታሉን ቦይለር ማንደድ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ይነሳና ከጋራዦች በሚመጣ የተቃጠለ ዘይት እሳቱን ያቀጣጥላል፤ ለሕሙማኑም ለእኛም ማጠቢያ ሙቅ ውሃ የሚደርሰው በእሱ ነበር። "እኔ አነጣለሁ፣ እሱ ያጠቁራል፤ ትዳር ማለት ይኸው ነው" እያለች ትስቅበታለች።

አንድ በጋ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት፣ የደረቁት አንሶላዎች ላይ ደቃቅ ጥላሸት መታየት ጀመረ። አክስቴ እንቅልፍ አጣች። አንሶላ ደግማ ታጥባለች፣ ደግሞ ይጠቁራል። ከጣሪያው ሥር ባለው ፎቅ የተኙት መተንፈስ የሚቸግራቸው ሕፃናት ናቸው። ጠዋት መስኮት ሲከፈት ሳላቸው እንደሚብስ ነርሷ ነግራናለች። ስለዚህ ነገሩ የአንሶላ ብቻ አልነበረም።

አክስቴ ቁጭ ብላ አሰበችበት። ማለዳ ልታሰጣ ስትወጣ ገመዱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ጣት ቢያሳልፉበት ምንም የለውም። እንግዲያው ጥላሸቱ የሚመጣው ከተሰጣ በኋላ፣ ቀን ላይ ነው። ቀን ላይ የሚያጨሰው ማን ነው? ከግንቡ ማዶ ያለው ዳቦ ጋጋሪ። በቃ፣ ተፈረደበት።

ዳቦ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ ገባችበት። "አንተ ዳቦ ትሸጣለህ፣ እኔ ጥላሸትህን እለቅማለሁ! የታመሙ ልጆች አሉ እኮ! አታፍርም?" ሰውዬው ትሑት ነው። ይቅርታ ጠይቆ ጭስ ማውጫውን አስረዘመው፤ ግማሽ ደንበኛው ግን ፊቱን አዞረበት። ጥላሸቱ ግን አልቀረም።

"ዛሬ እጅ ከፍንጅ ነው የምይዘው" ብላ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ቀሰቀሰችኝ። ምስክር መሆኔ ነው። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ተከትያት ጣሪያው ላይ ወጣን። ነፋስ የሚባል ነገር የለም። ከተማው ከታች በቡናማ ጉም ተሸፍኗል፤ ማታ ከከተማው ማዶ ይታየን የነበረው ተራራ ጠፍቷል። የዳቦ ቤቱ ምድጃ ገና አልተቀጣጠለም። የእኛው ቦይለር ጭስ ግን ጥቂት ወደ ላይ ወጣ ይልና ብርዱ እምቢ እንዳለው ሁሉ ተመልሶ ጣሪያው ላይ ይተኛል። ከዚያ በጠርዙ በኩል ቁልቁል ወደ ሕፃናቱ መስኮት ይወርዳል።

በጭሱ መካከል ጋሼ ቆሟል። በእርጥብ ጨርቅ ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ይጠርጋል፤ ትንሽ ሄዶ ያርፋል፣ ያስላል፣ ደግሞ ይጠርጋል።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ትሠራለህ?" አለች አክስቴ።

ጨርቁን ከኋላው ደበቀ። "እጠርጋለሁ።"

"የማንን?"

"የራሴን ጥላሸት ነዋ።"

ቀስ ብሎ ነገረን። ብርዱ ከጀመረ ወዲህ በየማለዳው ይወጣ ኖሯል። ገመዱን ይጠርጋል፤ የጣሪያውን ወለል ሁሉ መጥረግ ግን አይችልም፤ ረፋድ ላይ ነፋስ ሲነሳ ወለሉ ላይ ያለው ጥላሸት ተነስቶ አንሶላው ላይ ይለጠፋል። "ብናገር ቦይለሩን ይዘጉታል" አለ። "ከእሳት ሌላ ምን ሥራ አውቃለሁ? በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ያንቺ ልፋት ገደል እንዳይገባ ደግሞ ጠረግሁ።"

አክስቴ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። "አንሶላውንስ ደግሜ አጥበዋለሁ" አለች ወደ ታች እያየች። "የነዚያን ልጆች ሳንባ ግን ማን ያጥብልኛል?"

ያየነው ሦስታችን ብቻ ነበርን። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ እኔም ብሆን ዝም ባልኩላት ነበር፣ የቤታችን እንጀራ ነውና። እሷ ግን ቅርጫቷን እዚያው ጥላ ወረደችና ቀጥ ብላ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደች። ምድጃው ገና እየተቀጣጠለ ቢሆንም የጠዋት ሰልፍ ተይዞ ነበር። የበፊቱን ያህል ጮክ ብላ፣ "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለኔ ነው! ጭሱ የባሌ ነው። የዚህን ሰው ስም በከንቱ አጥፍቻለሁ፤ ሁላችሁም ስሙልኝ!" አለች።

ጋጋሪው እጁን በሽርጡ ጠረገ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አለና ፈገግ አለ። "ጭስ ማውጫዬ ግን እንደረዘመ ቀረ፤ እሱን ምን ላድርገው?"

ለጋሼ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "ለአለቆቹ አንተ ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልንገራቸው?" እሱ ወደ ቦይለሩ ተመልሶ ቀኑን ሙሉ እሳቱ አጠገብ ዋለ። እኔ ስፌቴ ላይ አቀርቅሬ ለሁለቱም ሳዝን ዋልኩ። ወደ ማምሻው ፊቱን ታጥቦ፣ የክት ኮቱን ለብሶ የማጠቢያው ክፍል በር ላይ ቆመ።

"ኮሌታዬን እስቲ እይልኝ" አላት።

አየችለት። አስተካከለችለትም። አብረው ወደ ሥራ አስኪያጁ ገቡ፤ የተናገረው ግን እሱ ነው።

ቦይለሩ ወዲያው አልጠፋም። በፀሐይ የሚሠሩ ማሞቂያዎች ተገዝተው ጣሪያው ጥግ ላይ እስኪተከሉ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ጋሼ እሳቱን በገዛ እጁ አጠፋና ባዶውን ምድጃ ደጋግሞ ዞረው። የበር ጥበቃ ሥራ ሲሰጡት እምቢ አለና ወደ ማጠቢያው መጣ። አሁን አክስቴን "አለቃዬ" ይላታል፤ እሷም ቃሉ ሳይጥማት አልቀረም።

እሳቱ በጠፋ ማግሥት ሦስታችን በማለዳ ጣሪያ ወጣን። ተራራው እስከነሸንተረሩ ቁልጭ ብሎ ቆሟል። ከእግራችን ሥር የሕፃናቱ መስኮቶች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሳሉ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከተማው ሙሉ መኪና ነው። ግን የሕፃናት ጫጫታ ከሳሉ በልጦ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጋሼ ቅርጫቱን እያለከለከ አስቀመጠና ከኪሱ ያንን ጨርቅ፣ ታጥቦ የነጣውን፣ አወጣ። ልማድ ነው። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ጠረገና ጨርቁን አየው። ገልብጦ ደግሞ አየው፤ ጥላሸት የለበትም። ከዚያ ወስዶ ለአክስቴ ሰጣት።

እሷም ጨርቁን ወደ ፀሐይ ዘርግታ አየችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሳታጥበው ያለፈችው ጨርቅ አላየሁም። ይሄኛውን ግን አጣጥፋ ደረቷ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"ይኼ አይታጠብም" አለች።