ለእማሆይ የተሰጡት አምስት ጫጩቶች

ልብስ ሰፊው ዳኛው ሰው ፊት መናገር አይሆንለትም ነበር። ልብስ ሊያሰፋ የመጣውን ሰው እንኳ ሲለካ ፊቱን አያይም፤ "እዚህ ድረስ ይሁን?" ብሎ የሚጠይቀው እጅጌውን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል በረንዳ ላይ፣ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ዕቃ የገዛትን የስፌት ማኪና እየረገጠ ይውላል። ሚስት አልነበረችውም።

ጎረቤቱ እማሆይ አመተ ሥላሴ ዐይናቸው የደከመ መነኩሲት ናቸው። አንድ ቀን መጡና፣ "ልጄ፣ አንተ መቼም ቀኑን ሙሉ ከደጅ አትጠፋም። አንዲት ዶሮዬን በርቢ ብሰጥህስ?" አሉት።

ርቢ ማለት፣ ባለቤቱ ዶሮዋንና እንቁላሉን ይሰጣል፣ ተቀባዩ አሳቅፎ ያሳድጋል፣ ጫጩቶቹ ጠንከር ሲሉ እኩል ይካፈላሉ። ዳኛው እምቢ ማለትም አይሆንለትምና ተቀበለ።

ሰፈሩ ሳቀበት። ወንድ ልጅ ዶሮ ሲያሳቅፍ! ወደ ይመኙሽ ጠላ ቤት የሚያልፉት ሁሉ፣ "አራስ ቤቱ እንዴት ነው? ገንፎ ይምጣ ወይ?" ይሉታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል። እንዲያም ሆኖ አሥር ጫጩቶች ተፈለፈሉለት።

የደጋው አገር የኮሶዬ ልጅ ነውና እናቱ በዚያ ብርድ ጫጩት ሲያሳድጉ አይቶ አድጓል። እናቱ ጠዋት ቅርጫቱን ሳይከፍቱ መጀመሪያ ድምፃቸውን ያዳምጡ ነበር። ከፍተው ፍርፋሪ ሲበትኑም የሚያዩት የሚሮጠውን አይደለም፤ የማይሮጠውን ነው።

ሊካፈሉ የተቀጣጠሩት ለእሑድ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው ፍርፋሪ በተነ። ስምንቱ ሮጡ፣ ሁለቱ ቀሩ። ክንፋቸውን ጥለው፣ ላባቸው ተነፋፍቶ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። አንዱን አንሥቶ ገለበጠው። ቂጡ ላይ ነጭ ኩስ ደርቆ ተለጥፏል።

ዳኛው በሽታውን አወቀው። እናቱ ቢሆኑ ሁለቱን ወዲያው ለይተው ለዶሮዋ ባለቤት ይናገሩ ነበር። ለእሱ ግን ቀድሞ የመጣበት የሰዉ ሳቅ ነው፤ "አላልንም? ወንድና ጫጩት!" ሲሉ ታየው። ውሃ ለብ አድርጎ የሁለቱንም ቂጥ አጠበ፣ በቁራጭ ጨርቅ አደረቀ፣ ከከሰሉ አጠገብ አሞቃቸው። ቀና ቀና አሉ። "ብርድ ይሆናል" አለ ለራሱ። ብርድ እንዳልሆነ ያውቃል።

በወጉ አሳዳጊው ይመድባል፣ ባለቤት ይመርጣል። ዳኛው አምስት አምስት አድርጎ በሁለት ቅርጫት መደበ፤ ከበሽተኞቹ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ። እኩል ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

እማሆይ ግን አልመረጡም። "እኔ ምን ዐይን አለኝና! አንተ የሰጠኸኝን እወስዳለሁ። ካንተ ምን ክፋት ይመጣል?" አሉት።

ቃሉ አፉ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጠውና አንደኛውን ቅርጫት ሰጣቸው። በር ላይ ባለ ጠላ ቤቷ ይመኙሽ አገኘቻቸው። "ውይ ሲያምሩ! እንዴት ያሉ ሸጋ ጫጩቶች ናቸው እማሆይ!" አለችና አለፈች። ከዐይን ይጠብቅ ብሎ ቱፍ ቱፍ ማለቱን ረስታዋለች።

እማሆይ ከደጁ እንደራቁ ዳኛው ምን አደረገ? የራሱን በሽተኛ ለየ። ሌላ ቅርጫት፣ ሌላ የውሃ ገል፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ። ወለሉን ጠርጎ አመድ ነሰነሰ። በሽተኛውን ከነካ በኋላ እጁን ሳይታጠብ ወደ ሌሎቹ አይሄድም። ያ ጫጩት ማክሰኞ ሞተ፤ ውሻ እንዳያወጣው ከአጥሩ ጀርባ አጥልቆ ቀበረው። አራቱ ዳኑለት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዲት ቃል መናገር አላስፈለገውም።

እማሆይ ደግሞ አምስቱን ከሌላዋ ዶሯቸው ሰባት ጫጩቶች ጋር ቀላቀሏቸው። ባገኙት ገል አብረው ይጠጣሉ። እስከ ዓርብ አምስት ሞቱ።

"የይመኙሽ ዐይን ነው" አሉት እማሆይ፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው። "የእኔን አየቻቸው፣ ይኸው እያለቁ ነው። ያንተን አላየቻቸውም፣ ይኸው ደኅና ናቸው።"

"ምናልባት..." አለ ዳኛው።

"ምናልባት ምን?"

"ምንም፣ እማሆይ።"

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠላ ቤቱ ጭር አለ። ይመኙሽ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወደ ዳኛው መጣች። የምታሰፋው ነገር አልያዘችም።

"አያ ዳኛው፣ እስቲ አንተ ፍረደኝ። በደጅህ ሳልፍ ያንተንም በየቀኑ አያቸዋለሁ። ምነው እነሱ አልሞቱ? ትናንት አንዲት እናት ስታየኝ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነችው። እኔን ፈርታ!"

ዳኛው ማኪናውን መርገጥ አቆመ። እሷ ስትሄድ አራቱን ጫጩቶች በቅርጫት ይዞ ተነሣ። ለእማሆይ ሰጥቶ ዝም ብሎ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ከበራቸው ሲደርስ ግን ቆመ። እዚያ ውስጥ በሽታው አለ፤ ካስገባቸው እነዚህም ሊያልቁ ነው። ቅርጫቱን መልሶ ቤቱ አስቀመጠና ባዶ እጁን እማሆይ ቤት ገባ። አሁን ከመናገር በቀር የሚሰጠው ነገር አልነበረውም።

"እማሆይ፣ እኔ ቤት ነው የታመሙት። ቅዳሜውን አይቼ ነበር። አጥቤ ሰጠሁዎ። የራሴን... የራሴን ለየሁ።"

እማሆይ ወደ ድምፁ ዞሩ። "ምነው ልጄ፣ ያን ቀን አንዲት ቃል ብትል?" አሉ። ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና፣ "መጀመሪያ ከቀሩት ጫጩቶቼ የታመመውን አሳየኝ። ከዚያ ይመኙሽ ቤት አብረን እንሄዳለን። እኔ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፣ አንተ ደግሞ አሁን ያልከኝን ሰው ፊት ትላለህ።"

ከአሥራ ሁለቱ የእማሆይ ጫጩቶች አራት ብቻ ቀርተዋል። ዳኛው ፍርፋሪ ሲበትን አንዱ አልሮጠም። አንሥቶ እጃቸውን እየመራ የደረቀውን ኩስ፣ እህል ያልገባበትን የጉሮሮውን ከረጢት አስዳሰሳቸው። በሽተኛው ለብቻው ተደረገ፤ ውሃው ተደፋ፤ አመድ ተነሰነሰ።

ገበያ ቀን ስለነበር ጠላ ቤቱ እንደ ድሮው ባይሆንም ሰው አላጣም። ዳኛው መሬት መሬት እያየ ተናገረ። ገና ሳይጨርስ፣ "አራሱ መጣ! ጫጩት አጥቢው!" አለ አንዱ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይመኙሽ ብቻ አልሳቀችም።

"ሁለት ሳምንት አያ ዳኛው" አለች። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ብለህ ስትሰፋ አየሁህ።"

ደንበኞቿ ተመለሱ። ከእማሆይ ጫጩቶች ሦስቱ ተረፉ፤ በሽታው መጥፋቱ ሲታወቅ ዳኛው አራቱን ጨመረላቸው። አንድ ጠዋት ሰባቱም ደጅ ሲጭሩ ይመኙሽ አለፈች።

"ይመኙሽ፣ እስቲ እያቸው፣ አደጉ እኮ" አሏት እማሆይ።

"ይደጉ እማሆይ" አለች፣ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳዞረች፣ እርምጃዋን ሳታቆም።

ዳኛው ከበረንዳው አየ። ጎንበስ ብሎ ማኪናውን ረገጠ፣ ረገጠ። መርፌው ክር እንዳልነበረው ያወቀው ጨርቁን ሲያነሣ ነው።