እስከ መቼ ያልተባለ ቃል

ሊዮና ወንበር ጨርቅ ስታለብስ ሚስማሮቹን በከንፈሯ ትይዛለች። ግራ እጇ ጨርቁን ይወጥራል፣ ቀኝ እጇ አንዱን ሚስማር ከከንፈሯ ይመዛል፣ ከዚያ መዶሻው ኳ! ይላል። በዚህ ጊዜ ማንም ቢያናግራት አትመልስም። እናቷ አይሊ ይህን ስለሚያውቁ የልባቸውን የሚናገሩት ልክ በዚያን ሰዓት ነው።

«ያ የኒውዮርኩ ሰውዬ ዛሬም ዝም ነው?» አሉ ከመስኮቱ ዳር ተቀምጠው። ቁልቁል ሐይቁ ይታያል፤ የብረት ማዕድን አፈር የጫነ መርከብ ከአሜሪካዋ ዱሉት ወደብ ሊወጣ ጡሩምባውን ይነፋል። አይሊ በወጣትነታቸው እንዲህ ባለ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ነበሩ።

ሊዮና አዎ ለማለት ራሷን ነቀነቀች።

«መጽሐፉን እኔ ከሞትኩ በኋላ ካተሙት መቃብሬ ላይ መጥተሽ ታነቢልኛለሽ። ጮክ ብለሽ ግን፤ ጆሮዬን ታውቂዋለሽ።»

ሊዮና ሚስማሮቹን መዳፏ ላይ ተፋቻቸው። «እማዬ፣ ተይ እንጂ!»

«ምን ተይ ያስብላል? ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተን የለ?»

ሐኪሙ፣ ልባቸው ይህን የበረዶ ክረምት መሻገሩን እንጃ ብሏል።

መጽሐፉ የአይሊ ሕይወት ነው። እናት በየምሽቱ እያወሩ፣ ልጅ እየጻፈች ተጠናቀቀ። ግን በዚያ አገር ትልልቆቹ አሳታሚዎች ራሱ ለሚያንኳኳ ደራሲ በር አይከፍቱም። መጽሐፉን ይዞ የሚገባለት ወኪል ያስፈልገዋል። ለወኪል ደግሞ መጀመሪያ አጭር ደብዳቤና ጥቂት ገጾች ይላካሉ፤ ከወደደው ሙሉውን ይጠይቃል። ሊዮና ለብዙ ወኪሎች ላከች፤ ሙሉውን የጠየቀው ትሬቨር ኮልሃን የሚባል ሰው ብቻ ነበር። «እኔ ሳነበው ሌላ ሰው እንዳያየው» ብሎ ለመናት። እሷም በደስታ ብዛት «አንብበህ እስክትጨርስ ማንም አያየውም» ብላ ጻፈችለት።

የዚያን ጊዜ ሐይቁ ገና በረዶ ነበር። በረዶው ቀለጠ፣ በጋው መጥቶ ሄደ፣ ቅጠሉም ረገፈ። ሁለት ጊዜ ጽፋ ጠየቀችው። መልስ የለም።

ሐሙስ ጧት ታዲያ ብሪጅት ሳሎው ከምትባል ሌላ ወኪል ኢሜይል ደረሰ። ገጾቹ ከተላኩላት ቆይቷል፤ ያነበበቻቸው ገና አሁን ነው። «የወጥ ቤቷን ነገር እያነበብኩ የባቡር መውረጃዬን አለፍኩት። ሙሉውን ላኪልኝ። ከነገ በኋላ ግን እስከ ፀደይ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ አዲስ ነገር አልቀበልም» ይላል።

እስከ ፀደይ! ሊዮና ዞር ብላ እናቷን አየቻቸው።

ማታ ጎረቤቷ ዶርካስ የአጃ ዳቦ ይዛ መጣች። ዶርካስ ወንጀል ነክ ታሪክ ትጽፋለች፤ እንቢ ያላት ወኪል ቁጥር የለውም፣ ስለዚህ የሙያውን ወግ ታውቃለች።

«ለሰውዬው እስከ መቼ አልሽው?»

«እስክትጨርስ አልኩት።»

«ወይ አንቺ! ላምሽን ሰጥተሽ እስክትጠግብ እለባት አልሽው በይኛ! ቀን ይቆረጣል እኮ የኔ እህት፣ ሁላችንም ቀን እንቆርጣለን።»

«አልቆረጥኩማ፣ ምን ላድርግ?»

«ለሴትዮዋ አሁኑኑ ላኪ። ማን ያውቃል?»

«እዚያ የወኪሎች ሰፈር ሁሉም ይተዋወቃል። ቃሏን በላች ካሉኝ ከነመጽሐፌ ቀረሁ። እሱም እኮ ነገ ይደውል ይሆናል።»

«እሱ? እሱ ሊደውል? በይ ተዪኝ!»

አይሊ የዓሣ ሾርባቸውን ማንኪያ አስቀመጡ። «መርከብ ላይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጠርተሽው የማይመልስ ሰው ውኃ ውስጥ ወድቋል ማለት ነው። እየጠበቁ ሾርባ አይበሉም። ሄደው ይፈልጉታል።»

«እማማ፣ ለወኪል ስልክ አይደወልም፤ ነውር ነው» አለች ዶርካስ። «የደወለ ደራሲ ስሙ ይጠፋል።»

«ስም መጀመሪያ ሲኖር አይደል የሚጠፋው?» አሉ አይሊ።

አርብ ጧት ሊዮና መዶሻውን አላነሳችም። ስልኩን አንስታ አስቀመጠች፣ ደግሞ አነሳች። አይሊ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሐይቁ ያያሉ፤ ጆሯቸው ግን እዚያው ነው። ወደ ትሬቨር ቢሮ ደወለች።

«ማን ልበል?» አለች አንዲት ሴት።

ሊዮና ስሟን ተናገረች፣ የመጽሐፉንም ስም፣ ቃል መግባቷንም።

«ትሬቨር እኮ እዚህ የለም። ሥራውን ከለቀቀ ቆየ፤ ገና በረዶው ሳይቀልጥ ነው የሄደው። አልጻፈልዎትም?»

«የጻፍኩለትስ?»

«ኢሜይሉን የሚከፍት የለም። በጣም አዝናለሁ።»

ሊዮና ባዶውን ወንበር ይዛ ቆመች። ያን ሁሉ ጊዜ ቃሏን የጠበቀችው ለሌለ ሰው ነበር። «እንግዲያው ከቃሌ ማን ይፈታኛል?» አለች።

«እኔ ስልክ አንሺ ነኝ እሜቴ» አለች ሴትዮዋ። ጥቂት አሰበች። «ግን ፈትቼዎታለሁ።»

ሊዮና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ለብሪጅት መጽሐፉን ሁሉ አያያዘች፤ ማንም ሌላ እንደማያየው ጻፈች፤ አሁን ግን እስከ መቼ እንደሆነ ቀን ቆረጠች። ከታች አንድ መስመር ጨመረች፦ «ከወደድሽው ደውይልኝ። ካልወደድሽውም አልወደድኩትም በይኝ፤ እናቴ እየጠበቀች ነው።»

በዚህ መሀል የመጣችው ዶርካስ ከኋላዋ አጎንብሳ አነበበች። «አጥፊው! እንዲህ አይጻፍም፣ ልመና ይመስላል።»

«ይቆይ» አሉ አይሊ ከመስኮቱ። «ውሸት የለበትም።»

ሊዮና ላከችው። ሚስማሮቹን በከንፈሯ ያዘች፣ ጨርቁን ወጠረች፣ መዶሻውን አነሳች። ስልኩን ሁሉም እንዲሰማው መሀል ላይ አኖረችው። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አይሊ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ስልኩ ቢጮህ እንዳያመልጣቸው ነበር። መሸ። መርከብ ጮኸ፤ ስልኩ ግን አልጮኸም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወኪል ባትሆኑም፣ «እስኪ እየው» ተብሎ የተሰጣችሁ የሰው ጽሑፍ በመሳቢያችሁ ይኖር ይሆናል። አደራችሁን፣ ዛሬ አውጡት። ባትወዱትም አልወደድኩትም ብላችሁ መልሱለት። መስኮት ዳር የሚጠብቅ ሰው አለና።