ነጅመዲንና የጋሽ ሀብተወልድ ሞተር

ነጅመዲን ሸሪፍ ሰው አይጠረጥርም፤ ዕቃ ግን ይጠረጥራል። አንዴ ዶሮ ሊገዛ ሄዶ እግሯን ገልብጦ ሲያይ፣ ሻጩ «ምን ፈለግክ?» ቢለው «የራሷ መሆኑን» ብሎታል። ሚስቱ ዘሊካ ከዚያ ቀን ወዲህ ገበያ አብራው ወጥታ አታውቅም።

ጋራዡ ላምበረት ነበር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። እኔ ከጎኑ ጎሚስታ ነበርኩ፤ ጎማ ሲመጣ ጎማ እለጥፋለሁ፣ ጎማ ሲጠፋ ወሬ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ እሱ ስድስተኛን ጨርሷል። ስለዚህ ማስታወቂያ ሲለጠፍ እሱ ያነብልኛል፣ እኔ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ እነግረዋለሁ።

የነጅመዲን ነፍስ ቮልስ ላይ ነች። ሌላ መኪናም ይሠራል፣ ግን እንደ እንጀራ አባት ነው። ቮልስ ስትመጣለት ምን እንደነካት ከመጠየቁ በፊት የኋላ ወንበሯን አንስቶ የሻንሲዋን ቁጥር፣ የኋላ ክዳኗን ከፍቶ የሞተሯን ቁጥር ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲጽፍ ኖሯል። «ምን ያደርግልሃል?» ስለው «የትኛዋ ከየትኛው ሞተር ጋር ከፋብሪካ እንደወጣች ይገባኛል» አለኝ። ያኔ መለዋወጫ ጠፍቶ የአንዷ ሞተር ሌላዋ ሆድ ውስጥ መገኘቱ ተራ ነገር ነበር። ቮልስ የሚገዛ ሰው ሁሉ «ሞተሯ የራሷ ነው ወይ?» እያለ እሱ ጋ ያመጣታል።

ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት መገባደጃ ላይ፣ ረቡዕ ረፋድ ጋሽ ሀብተወልድ መጡ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ እንጦጦ ሥር የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ሠርተው ያገኙትን አጠራቅመው በሃምሳ ሰባት ያቺን ግራጫ ቮልስ አዲሷን ገዝተዋል። ልጃቸው ዓለምም አብራቸው ነበረች። እሑድ የምታገባ ሴት አትመስልም፤ ለቅሶ ደርሳ የመጣች ነው የምትመስለው።

«ሌባ ተባልኩ» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ።

«ማን አለዎት?» አለ ነጅመዲን።

«ቦሎ የሚሰጠው ልጅ።»

በየዓመቱ ለምርመራ ሲሄዱ መርማሪው ፍሬን ይረግጣል፣ መብራት ያበራል፣ ቦሎውን ለጥፎ ያሰናብታቸዋል። ዘንድሮ ከበበ የሚባል አዲስ ልጅ መጣ። ሥልጠና ገብቶ ገና መውጣቱ ነው፣ ባትሪ ይዟል። በባትሪው የሞተሩን ቁጥር አይቶ ከሊብሬው ጋር ሲያስተያይ አልገጠመም። «ይሄን ሞተር ከየት አመጡት? እስከ ዓርብ መልስ ካላመጡ ታርጋውን እፈታለሁ» አላቸው።

«ታርጋው ከተፈታ ሠርጌ ቀረ» አለች ዓለም።

«ለምን ይቀራል? ሌላ መኪና ጠፍቶ ነው?» አልኳት እኔ።

«ቀኑን የቆረጥነው እኮ በሷ ታርጋ ነው!»

እውነቷን ነው። ያኔ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል እሑድ አንዱን ሳምንት ሙሉ ቁጥር ታርጋ፣ አንዱን ሳምንት ጎዶሎ ብቻ ነው የሚነዳው። የመጪው እሑድ የጎዶሎ ነው፤ የቮልሷ ታርጋም ጎዶሎ። ከዚያ በሚቀጥለው እሑድ እሷ አትንቀሳቀስም፣ በማግስቱ ደግሞ ሁዳዴ ይገባል። አባትየው ልጃቸው ከዳኸችበት ጊዜ ጀምሮ «በዚህች ነው የምድርሽ» እያሉ አሳድገዋታል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ነጅመዲን። «ሞተሩን ለውጠውታል?»

«ከሳጥኗ ስትወጣ ቆሜ ያየኋት ነች! ከኔ በቀር ማንም አልነካትም!»

«እሺ፣ እኔ ግን ላያት ነው።»

«አታምነኝም?»

«እርስዎን አምናለሁ። እሷን ነው ያላመንኳት።»

ሸሚዙን ጠቅልሎ ተንበረከከ። ቁጥሩ የተመታው ከዲናሞው ሥር ነው፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ቅባት ጠጥቷል። በናፍጣ አጠበው፣ በጥርስ ብሩሽ ፈገፈገው። የማን ጥርስ ብሩሽ እንደሆነ እኔ አልጠየቅኩም። ከዚያ ጣቱን ደጋግሞ አሳለፈበት፤ የተፋቀ ከሆነ ብረቱ ይለሰልሳል አለኝ። አልተፋቀም። ስስ ወረቀት ደርቦ በእርሳስ ሲያሸው ሰባት አሃዞች አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የኋላውን ወንበር አንስቶ የሻንሲውን ቁጥርም አመጣ። ደብተሩን ገልጦ ተቀመጠ።

ጋሽ ሀብተወልድ ቆመው ቀሩ። ዓለም የሻሿን ጫፍ ትነክሳለች። ነጅመዲን ቅጠል ይገልጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይገልጣል።

«በል እንጂ ተናገር! ምን እንደ ዳኛ ትጎለታለህ?» አልኩት።

«በሃምሳ ሰባት የገቡትን አሥራ አንድ አውቃለሁ» አለ። «የሷ ሻንሲ ቁጥር በነሱ ቁጥሮች መካከል ይወድቃል፣ የሞተሯም እንዲሁ። ሞተሯ የራሷ ነው። የሌላ የሆነው ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ነው። በዚያን ጊዜ የቮልስ ሞተር ቁጥሩ ሰባት አሃዝ ነው፣ ይሄ የሊብሬው ስድስት ነው።» ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበው። «አርባ አራት፣ ዜሮ ስድስት...»

«...አሥራ ሰባት» አሉ ጋሽ ሀብተወልድ፣ ሊብሬውን ሳያዩ።

ሁላችንም ዞር ብለን አየናቸው።

«አርባ አራት ዜሮ ስድስት አሥራ ሰባት» አሉ እንደገና፣ ቀስ ብለው። «ይሄማ... ይሄማ ሞተሬ ነው።»

«ሞተርዎ እኮ ይሄ ነው ጋሼ።»

«የለም፣ ሞተሬ! የምነዳው! ቴሌግራም የማደርስበት! አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን ጽፌ ፈርሜ ነው ያወጣሁት!» ወንበሩ ላይ ዘጭ አሉ። «መኪናዋን ሳስመዘግብ ጸሐፊው ‹የሞተርዎ ቁጥር?› አለኝ። እኔም በቃሌ ወረድኩለት። እንዲያውም ‹ጎበዝ ነዎት› ብሎኛል!»

ዓለም ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቀች ስል፣ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ነው የተቀመጠችው።

ዓርብ ነጅመዲን ጋራዡን ዘግቶ ወደ ምርመራው አብሯቸው ሄደ። እኔም ምስክር ቢያስፈልግ ብዬ ተከተልኩ። ያው ሥራም አልነበረም።

ከበበ ወረቀቱን አየ፣ ታሪኩን ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ተረት ነው። ሞተር ማለት የመኪና ሞተር ነው። የመኪና ሞተር የተጠየቀ ሰው እንዴት የሞተር ሳይክል ቁጥር ይናገራል?»

ነጅመዲን ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «ጓድ ከበበ፣ ዛሬ በምን መጡ?»

«በሞተር።»

«የት ነው ያለው ሞተርዎ?»

«ውጭ፣ ባሕር ዛፉ ሥር» አለና በመስኮት አሳየው።

«መኪናውስ?»

«የምን መኪና?»

«ሞተሩ ያለበት መኪና ነዋ።»

ከበበ ዞሮ ባሕር ዛፉን አየ። ጥጉ ላይ የምትጽፈው ጂቱ የጽሕፈት መኪናዋ ላይ ተደፍታ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች። ከበበ ፊቱ ቀልቶ ራሱም ሳቀ። ሊብሬው ታረመ፣ የነጅመዲን የእርሳስ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ገባ፣ ቦሎው ተለጠፈ። ማኅተሙን የመታው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ ከደስታ ይመስለኛል። ጋሽ ሀብተወልድም ሌባ ያላቸውን ልጅ እዚያው ለሠርግ ጠሩት።

መጣ! እሑድ፣ በሞተሩ፣ ከረባት አሥሮ። ጋሽ ሀብተወልድ ሞተሩን ሲያዩ ዓይናቸው ሌላ ሆነ። «አንዴ ልሞክራት?» አሉት። ከበበ ቁልፉን ሲሰጣቸው ግቢውን ብቻ የሚዞሩ መስሎት ነው።

እንዲህ ሆኖ ወጣን። ነጅመዲን ይነዳል፣ ዓለም በቬሏ ከሙሽራው ጋር ተጨናንቃ ከኋላ፣ እኔና ከበበ ከፊት አንድ ወንበር ላይ ተደራርበን። ጋሽ ሀብተወልድ ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ነጠላቸው በነፋስ እየተውለበለበ፣ በሞተር ከፊታችን ወደ እንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን ይወጣሉ። በየመታጠፊያው ጥሩንባ ይነፋሉ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ሸክማቸውን ሳያወርዱ ያጨበጭባሉ።

«መንጃ ፈቃዳቸውን አሳድሰዋል?» አለ ከበበ፣ ጉልበቴ ላይ ሆኖ።

ነጅመዲን ማርሽ ቀየረ። ሙሽራዋ ራሷ፣ ሙሽራ ዝም ትላለች ተብላ የተመከረችው፣ በነጅመዲን ትከሻ ላይ ተንጠራርታ ራሷን በፊተኛው መስኮት አውጥታ እልልታውን ታቀልጠዋለች።