ከእሳቱ ፊት ያቆሙኝ ምሽት

ለልጅ በሚነገር ተረት ውስጥ ጨለማው ምን ያህል ይሁን? ልጅ ሳለሁ አላወቅሁትም፣ ዛሬ የልጅ እናት ሆኜም አላወቅሁት።

ያኔ ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የፎገራ ሜዳ ከሚጀምርበት ጉብታ ላይ ነበር። የእናቴ አጎት መሪጌታ ስሜነህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲስሉ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ዓይናቸው ሲደክም እኛ ዘንድ ገቡ። ማታ ማታ ኩራዙ ተለኩሶ፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን ሲለበልበን፣ ከምድጃው የከሰል ስባሪ ያነሱና እናቴ በነጭ አፈር የለቀለቀችው ግድግዳ ላይ እየሳሉ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ግድግዳዬን አበላሹት እያለች ስታጉረመርም፣ ነገ ትለቀልቂዋለሽ፣ እጅሽ ይፍታታ ይሏታል።

አብዝቼ የማስነግራቸው የላሟን ተረት ነው። ድሮ የፎገራ ላም ሁለመናዋ ነጭ ነበረች አሉ። አንድ ጧት ሜዳውን ጉም ዋጠውና ነጯ ላም በነጩ ጉም ውስጥ ጠፋች፤ ጥጃዋ እናቱን አጥቶ ወደ ውኃው ይሄድ ጀመር። እሷ ድምፁን ስትሰማ ከተቃጠለ ሣር ላይ ተንከባለለች፣ ጎኗ ጠቆረ፣ ጥጃውም ጥቁሩን አይቶ መጣ። መሪጌታ ላሟን አይስሏትም ነበር። ዙሪያዋንና ጥቁሯን ብቻ በከሰል ይቀቡና ነጩን ይተዉታል፤ ሳላስበው ላሟ ከግድግዳው ወጥታ ትቆማለች። ሁለመናዋን ለምን አላጠቆረችም ስላቸው፣ «ያኔማ ሌሊቱ ይውጣታል» አሉኝ።

ክረምት ላይ አባቴ ይፋግ ገበያ እንደሄደ የርብ ወንዝ ሞላ። ሊመሽ ሲል ሜዳው ሁሉ ውኃ ነበር። ከገበያ ያልተመለሰው የእኛ ሰው ብቻ አይደለምና ጎረቤቱ በየደጁ እሳት አነደደ፤ እናቴም አነደደች። ጉብታው ከዳር እስከ ዳር እሳት በእሳት ሆነ። እኔ ብርሃን በዛልን ብዬ ደስ አለኝ። መሪጌታ ወጥተው ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለወጠ። ከእኛ ደጅ ቁልቁል ያለው መሬት ጠንካራ ነው፣ ከጎረቤት በታች ግን ጉድባ አለ፤ ውኃ ሲሞላው ሰው ይውጣል። አባቴ ከዚያ ሁሉ እሳት የእኛን በምን ይለየዋል?

እናቴ እንጨት ልትጨምር ስትሮጥ ከለከሏት። እኔን አንሥተው ከእሳቱ ፊት፣ ከድንጋዩ ላይ፣ ወደ ሜዳው አዙረው አቆሙኝ። እጅሽን ግራና ቀኝ ዘርጊ አሉኝ።

«መሪጌታ፣ ልጅቱ ትፈራለች» አለች እናቴ።

«ትፍራ። ብርሃኑማ ሁሉም ደጅ አለ።»

ጀርባዬን እሳቱ ይለበልበኛል፣ ፊቴን የውኃው ብርድ ይገርፈኛል። ሰማዩና ሜዳው አንድ ጥቁር ሆነው እንቁራሪት ብቻ ይጮኻል። እጄ ዝሎ ሲወርድብኝ እናቴ ከኋላዬ ዘርጊ የኔ ልጅ ትለኛለች። ያኔ እኔ ከሩቅ ምን እንደምመስል አላውቅም፤ ለኔ የሚታየኝ ጨለማው ብቻ ነበር።

ከብዙ ቆይታ በኋላ የውኃ መንቦጫረቅ ሰማሁ። አባቴ እስከ ወገቡ ርሶ ወጣ።

«ወደ ጉድባው ይዤ ነበር» አለ። «አንዱ እሳት ላይ ግን ጥቁር ነገር ቆሞበት አየሁ። ይቺማ የመሪጌታ ላም ናት አልሁና ዞርሁ።»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱኝ።

አሁን የምንኖረው ወረታ ከተማ ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሩዝ ጭኖ ይሄዳል፤ የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ የሚያመሽበት ቀን ይበዛል። መብራት ሲጠፋ ልጄ ተረት ንገሪኝ ትለኛለች። የላሟንም የእሳቱንም ነገርኋት። ከዚያ ወዲህ ከሰል አንሥታ ወረቀቱን እስከ ዳር ድረስ ታጠቁርና መሐሉ ላይ ጥፍር የምታህል ነጭ ትተዋለች። አባዬ ይችን አይቶ ይመጣል ትላለች። መምህሯ አይታ፣ ልጅቱ ጭንቀት ይዟታል፣ ደማቅ ቀለም ስጪያት አለችኝ። እውነቷን ይሆናል። እኔም እስከ ዛሬ በጨለማ ወደ ሜዳው አላይም፣ ክንዴ ይዝልብኛል። ግን ጥቁሩን ብቀንስባት ነጯ በምን ትታያለች? አባቴ ወደ ቤት የገባው በዚያው በጥቁሩ ነው።

ይኸን ስጽፍ ባለቤቴ ገና አልገባም። ልጄ እግሬ ሥር ተቀምጣ ታጠቁራለች፣ ነጯም ቦታ እያነሰች ነው። ከሰሉን ልቀማት እጄን ዘረጋሁና መለስሁት። እናንተ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ፦ ልቀማት፣ ወይስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬያት ላጥቁር?