ነጭ የለበስንበት ቅዳሜ

የወንድሜ ሚስት ማንኛውንም ድግስ ስታስብ መጀመሪያ የምትመርጠው ቀለም ነው። የልጃቸው ልደት ሮዝ ነበር፤ የቤታቸው ምርቃት ክሬም ነበር። ከአዲስ አበባ ለጥምቀት መጥተው በማግስቱ ቅዳሜ ጣና ላይ በጀልባ ሊያዝናኑን ሲወስኑ ደግሞ ነጭ ሆነ። መልእክቱ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ የመጣው ወር ሲቀረው ነው። «ልብስ፦ ሁላችንም ነጭ የሀገር ልብስ፣ ጥለቱ አረንጓዴና ወርቃማ። ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ጃኬት አይፈቀድም። ምግብ፦ ፍስክ፣ ዓሣ ወይም የጾም። የምትፈልጉትን ከስማችሁ ጎን ጻፉ።» ከሥሩ ሁለት የሚስቁ ፊቶችና አንዲት ትንሽ ጀልባ ነበሩ።

በዘመድ ሁሉ መካከል ጥቁር የሚለብስ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሷም እናቴ ናት።

እናቴ ከል የለበሰችው ከእኔ በላይ ያለው ሌላው ወንድሜ የሞተ ዕለት ነው። ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ላይ ያስተምር ነበር። ቅዳሜ ጀልባ ካገኘ ሐይቁን አቋርጦ ይመጣል፤ ሲመጣም ሁለት ሦስት ዓሣ በገመድ አንጠልጥሎ ነው። እናቴ ወደብ ድረስ ወርዳ ትጠብቀዋለች። ዓሣውን ተቀብላው እየተሳደበች፣ «ደመወዝህን ዓሣ ላይ ጨረስኸው!» እያለች፣ ደስታዋን መደበቅ እያቃታት አብረው ይመጣሉ። አንድ ሳምንት ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ዓሣ አልቀመሰችም፤ ወደቡንም በዓይኗ አላየችውም።

እኛ ዘንድ ከል ለባሹ በገዛ እጁ የሚያወልቀው ልብስ አይደለም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ነጭ ልብስ ይመጣል፣ ከዚያ ነው የሚወልቀው። ዓመቱ ሲሞላ የእድሩ ሰዎች ሊያስወልቋት መጥተው ነበር። እናቴ ግን «ሦስት ዓመት ብያለሁ። ሦስት ዓመት ሲሞላ ወንድሜ ከመራዊ መጥቶ ያስወልቀኛል» አለቻቸው። አጎቴም እሺ አሉ። ነጠላዋን አሠርተው ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጡላት ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሦስት ዓመቱ የሚሞላው ግንቦት ላይ ነው። የጀልባው ቀን ጥር ላይ ነበር። የቀሯት አራት ወር ናቸው።

ለወንድሜ ሚስት ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። ሽንጤን ገትሬ ነበር የተከራከርኩት፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ።

«አራት ወር ምን ለውጥ አለው?» አለችኝ። «እንዲያውም ምክንያት ይሆናቸዋል። እማማ እኮ በቁማቸው እያለቁ ነው! አንዴ ነጭ ቢለብሱ ሙዳቸው ራሱ ይቀየራል፤ ታያለሽ።»

ወንድሜ ስልኩን ተቀበላት። «አንቺ አጠገቧ ሆነሽ ምን አደረግሽላት?» አለኝ። «ጨለማ ውስጥ ነው ያስቀመጥሻት።»

በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመጣ ሰው እንዲህ ሲለኝ መዝጋት ነበረብኝ። አልዘጋሁም። እውነቱን ከተናገርኩ ጥቁሩ እኔንም ሰልችቶኝ ነበር። ሁልጊዜ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ደክሞኝ ስመለስ በሩን የሚከፍትልኝ ጥቁር ነው፤ ቡና የሚያቀርብልኝ ጥቁር ነው፤ የሰው ሠርግ ስንጠራ ከኋላ ጥግ ይዘን የምንቀመጠው በጥቁሩ የተነሳ ነው። ሐዘኗ ሐዘኔን አስረሳኝና ምርር አለኝ። ስለዚህ «እሺ፣ እኔ አግባባታለሁ» አልኩ። ያቺን ቃል ዛሬም ስሰማት ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

እናቴን ያግባባሁት በውሸት አልነበረም። ያልኩትን አምኜ ነው ያልኩት። «ለፎቶ ብቻ ነው፣ እማዬ። ከልሽን በፌስታል ይዤልሽ እሄዳለሁ። ፎቶው እንዳለቀ እዚያው ትለብሽዋለሽ።»

«ከጀልባው ሳልወርድ?»

«ሳትወርጂ።»

«በወንድምሽ አፈር ማይልኝ።»

ማልኩላት።

የምግቡንም ነገር ያስተካከልኩ መስሎኝ ነበር። ከስሟ ጎን «የጾም» ብዬ ጻፍኩ። ሰዓት ሳይሞላ መልስ መጣ፦ «ጥምቀት አልፎ ምን ጾም አለ! ለእማማ ዓሣ አድርጌላቸዋለሁ። ጣና ላይ ተቀምጦ ሽሮ ነውር ነው።» ሦስት የዘመድ ልጆች ከሥሩ የሚስቅ ፊት አደረጉ። እኔ በስልክ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት፤ ከዚያ የፈተና እርማት መጣ፣ ረሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሱን ራሴ አለበስኳት። በልኳ አልነበረም፤ የወንድሜ ሚስት በራሷ እናት ልክ ነው ያሰፋችው። ትከሻው ላይ ሰፍቶ እጇን ይውጠዋል። ከሉን ሳወልቅላት ዓይኗን ጨፈነች። አጣጥፌ ፌስታል ውስጥ ስከተው ደግሞ ገልጣ ፌስታሉን ተመለከተች፤ ቀለሙን እንኳ ያጠናች ይመስለኛል። ቢጫ ነበር።

ጀልባው ጣሪያ ያለው ትልቅ ጀልባ ነው፤ ለእኛ ብቻ ተከራይተውታል። በአንድ በኩል የፍስኩ ጠረጴዛ፣ በሌላው የዓሣው፤ የጾሙ ወደ ኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ጭሱ ከሚመጣበት። ሁላችንም ነጭ ለብሰን ስንገባ ጀልባ ነጂው ወንድሜን «ሙሽራይቱ ገና ናት?» ብሎ ጠየቀው። ሁሉም ሳቀ። እናቴ አልሰማችም። ዓይኗ ወደቡ ላይ ነበር፤ የቁንዝላ ጀልባ ከሚቆምበት ወገን። ማንም እዚያ አልነበረም፤ አንድ ሰው ብቻ ቁጭ ብሎ እግሩን ይታጠባል።

ፎቶው አላልቅ አለ። ቆመን ተነሳን፣ ተቀምጠን ተነሳን፣ የሴቶች ብቻ ተነሳን፣ «የልጅ ልጆች ከአያት ጋር» ተነሳን። ፌስታሉን ይዤ በቆምኩበት ወንድሜ «እባክሽ ያንን ነገር አስቀምጪው፣ ፎቶ ውስጥ ገባ» አለኝ። ወንበር ሥር ከተትኩት። እናቴ በየመሀሉ ዓይኔን ትፈልጋለች። በእጄ «ቆይ፣ ትንሽ ነው» እላታለሁ። እንዲህ እንዳልን ዘጌ ደረስን፤ እዚያ ደግሞ ዛፍ ሥር ሌላ ፎቶ አለ ተባለ። እኔ ልጆቹን ይዤ ወረድኩ።

ስመለስ ወንበሩ ሥር ምንም የለም።

«ፌስታሉስ?» አልኩ።

የወንድሜ ሚስት ፊቷ በርቶ፣ «ሰጠኋቸው!» አለችኝ። «እዚህ ወደቡ ላይ አንዲት አሮጊት ነበሩ፣ በጣም መረቁኝ። የወለቀ ከል ቤት አይመለስም ይባላል አይደል? ባህላችን ነው እኮ።»

ባህላችን! ለባህላችን እሷ ቀለም መርጣለች፣ ወንድሜ ጀልባ ተከራይቷል፣ እኔ ደግሞ ምያለሁ። አጎቴ የሉ፣ ምርቃት የለ፣ ቀኑ ቀኗ አይደለ። ዘልዬ ወረድኩና ሴትዮዋን ፈለግኳቸው። ወደ ላይ፣ ወደ ቡናው ጫካ ውስጥ ገብተዋል አሉኝ። ጀልባው ጡሩንባውን ነፋ፤ ምግብ እየቀዘቀዘ ነው ተባለ።

እናቴ ምንም ሳልነግራት ባዶ እጄን አይታ ገባት። አልጮኸችም። «አይዶለም በይኝ» ብቻ አለች፣ በቀስታ፣ ለራሷ እንደምትናገር።

ከዚያ ምግቡ ቀረበ። ዓሣው ሙሉውን የተጠበሰ ነው፤ ጭንቅላቱም ጅራቱም አለ። እናቴን ከመሀል አስቀመጧት። ሳህኑን አየችውና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀረች። «እማማ አልነኩም እኮ!» አለች የወንድሜ ሚስት። ስልኳን አውጥታ እንድታጎርሳቸው ለልጇ ነገረቻት። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ እናቴን የምትወድ፣ አንገቷ ላይ የምትንጠለጠል። ሥጋውን በትንንሽ ጣቶቿ ፈልፍላ፣ እሾሁን ለቅማ፣ ጠቅልላ፣ «እማማ፣ አ በይ» አለች።

የልጅ ልጅ ጉርሻ አይመለስም። ይህን እናቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፣ ስልክ ደግነው የቆሙት ሁሉ ያውቃሉ። ተነስቼ «ዓሣ አትበላም!» ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሁሉም ሲስቅ አየሁና ዋጥኩት። እናቴ የልጅቷን ፊት ስታይ ቆየች። ከዚያ አፏን ከፈተች። ተጨበጨበ። ልጅቷ «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለች፣ ከቤታቸው የሰማችውን፤ ሁለተኛም አጎረሰቻት። እናቴ ሁለቱንም ዋጠች። ፊቷ አልተለወጠም። ቪዲዮው እስካሁን በግሩፑ አለ፤ ሰላሳ ሰው ወዶታል።

ከሰዓት ነፋስ ተነስቶ ሐይቁ ሲናወጥ ተመለስን። እናቴ ነጩን ቀሚስ እንደለበሰች በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ገባን። እንዲመሽ፣ ማንም እንዳያያት በልቤ እየለመንኩ ነበር፤ ግን ገና ፀሐይ ነበረች። ከባጃጁ ስትወርድ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤታችን ከበር አየቻት። ሦስት ዓመት ሙሉ አብራት ያለቀሰች ሴት ናት። «እሰይ! እሰይ! አስወለቋት!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ሌሎቹም ከየበራቸው ወጡ። አንዷ አቀፈቻት፣ አንዷ ደረቷን እየመታች በደስታ አለቀሰች። «አጎታችሁ መጡ እንዴ? ምነው ሳትነግሩን?» አሉኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ድንገት ነው የሆነው» አልኩ። እናቴ መሀላቸው ቆማ ትሳማለች። እንደዚያ ቀን አንጀቴን የበላችኝ ጊዜ የለም።

ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁ። ደጋግማ አፏን ተጉመጠመጠች። ከዚያ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ልጄን በጉርሻ ሸጥሁት» አለች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

«አንቺማ ምለሽ ነበር» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስለ መሐላዬ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ገበያ ሄዳ የጥቁር ቀለም ዱቄት ገዝታ መጣች። ትልቁን ድስት ጥዳ ውኃ አፈላች። ያንን ነጭ ቀሚስ አጣጥፋ ስትከተው አብሬያት ቆሜ በእንጨት አማሰልኩ። እጄ እስከ ክርኔ ጠቆረ፤ ሳምንት ሙሉ ተማሪዎቼ ምን ነካሽ ይሉኝ ነበር። ጨርቁ ቀለሙን ጥሩ አድርጎ ያዘ። ጥለቱ ግን አልቀበል አለ፤ ክሩ ሰው ሠራሽ ነውና ወርቃማው እንዳለ ያብለጨልጫል። ምላጭ አምጥቼ፣ «ልፍታልሽ?» አልኳት።

«ተይው፣ ቀሚሱ ይቀደዳል» አለች። ቀጥላም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው» አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። «ግንቦት ነው እኮ የሚሞላው» አልኩ።

«ያማ ፈረሰ። ሳይመረቅ ወለቀ፣ ዓሣውንም በላሁ። እንደገና ሀ ብዬ ጀመርሁ።»

ግንቦት ሲገባ አጎቴ ከመራዊ መጡ። ነጠላውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል። በሩ ላይ እናቴን አዩዋት፤ ጥቁሩን ቀሚስ፣ ከታች የሚያብለጨልጨውን ጥለት። ከእሷ ጋር ለብቻቸው ብዙ ተነጋገሩ። ሲወጡ ለእኔ፣ «ለመሆኑ አስወልቋት ያላችሁ ማን ነው?» አሉኝ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ምርኩዛቸውን አነሱ። «ሦስት ዓመት ትላለች። እኔ ያን ጊዜ መኖሬን በምን አውቄ?» አሉ። ነጠላውን መልሰው በብብታቸው ይዘው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። እኔ እስከ አስፋልቱ ሸኘኋቸው፤ ጥቅሉን እንድይዝላቸው ብጠይቅ እምቢ አሉኝ።

ለወንድሜ ይህን ሁሉ ጻፍኩለት። «እሷ እኮ ሐዘን ትወዳለች፤ አንቺ ደግሞ ታባብሻለሽ» ብሎ መለሰልኝ። እናቴ በነጭ ቀሚስ፣ ከበስተጀርባዋ ሐይቁ፣ አጠገቧ እኛ ሁላችን፤ ያንን ፎቶ አሳድገው አዲስ አበባ ሳሎናቸው ውስጥ ሰቅለውታል። እንግዳ ሲመጣ «እናታችን ያን ቀን ነው ከሐዘን የወጣችው» ይላሉ አሉ።

በዓመቱ፣ ጥምቀት ሲቃረብ፣ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «እነሱ ናቸው? ምን ይላሉ?» አለችኝ። ልዋሻት አሰብኩ፤ ከእንግዲህ ግን አልዋሽም ብዬ ስለነበር እንዳለ አነበብኩላት። «ዘንድሮም ጀልባ ነው! ምግብ፦ ፍስክ፣ ዓሣ ወይም የጾም። ልብስ፦ በዚህ ዓመት ሁላችንም ጥቁር፣ ከወርቃማ ጋር። እማማ እንዲያውም መቀየር አያስፈልጋቸውም፣ ያላቸው በጣም ያምራል።»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። የምር ደንግጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ብድግ አለች።

«ውይ ልጄን! ማን ሞቶባቸው ነው?» አለችኝ።