የአማቱ ጀልባ መስኮቶች

ጋራዥ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም «ሲሊኮን» ነበር የሚሉት። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስና የመኪና መስታወት ሲገጥም ኖሮ ጥቁሩ ማሸጊያ ጥፍሩ ሥር ገብቶ ቀርቷል። ሟች ሚስቱ በሕይወት ሳለች፣ «እኔንም በሲሊኮን ለጥፈኸኝ ነው፤ ብሞክር አልላቀቅ አልኩ» እያለች ትስቅበት ነበር። ኩላሊቷ ከዳትና ልጅ እንኳ ሳይወልዱ፣ ገና በጎልማሳነቷ ሞተች።

እናቷ የሚኖሩት ወደቡ ዳር በታሰረች አሮጌ የሸራ ጀልባ ላይ ነው። ባላቸው ጡረታ ሲወጡ የገዟት ጀልባ ናት። እሳቸው ሲሞቱ አሮጊቷ፣ «ቤቱ ሰፋብኝ» ብለው ጠቅልለው ጀልባዋ ላይ ገቡ። ከልጃቸው ቀብር በኋላ ሲሊኮን በየሳምንቱ እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን ግን ሲሰናበታቸው፣ «ከእንግዲህ አትመላለስ። ሥራህንም አትፍታ» አሉት። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። እሱ ግን ቂም ይዘውብኛል፣ ልጄን ሐኪም ቤት ያደረሳት ዘግይቶ ነው ብለው ያስባሉ፣ ብሎ ደመደመ። እግሩን ሰበሰበ።

ዝናቡ በጠናበት ሰሞን የወደቡ ዘበኛ ጋራዥ ድረስ መጣ።

«አማትህ ፍራሻቸውን ውጭ ሲያሰጡ አየሁ። ደግሞ የዛሬ ብቻ አይደለም፤ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ነው። መስኮቱ ሳያፈስ አይቀርም።»

«እሳቸው ናቸው የላኩህ?»

«እሳቸው? ቢሰምጡስ ድረሱልኝ የሚሉ ይመስልሃል?»

ሲሊኮን ለአማቱ የሚነግራቸው ሌላም ጉዳይ ነበረው። መድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ሴት ሊያገባ ቃል ከገባ ሰንብቷል። ወሬው ከሰው አፍ እንዳይደርሳቸው ይጨነቃል፤ ሄዶ ለመንገር ደግሞ ወኔ አጥቷል። መሣሪያውን ሲሸክፍ፣ መሄጃ ምክንያት በማግኘቱ ደስ አለው። ወዲያው ደግሞ በደስታው አፈረ።

አሮጊቷ የጀልባዋ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«ማን ላከህ?»

«ፍራሽዎ።»

ሳቅ የመሰለ ነገር ከንፈራቸው ላይ ታይቶ ጠፋ። «በል ግባ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ራስህን እንዳትመታ።»

መኝታቸው ያለችበት ክፍል በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት መስኮት አላት። የመስኮቶቹ ፕላስቲክ በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኖ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል፤ ወደ ውጭ ቢያዩ ባሕሩና ሰማዩ አይለይም። ከመስኮቶቹ ሥር ያለው እንጨት ጠቁሯል። በጠርዙ ዙሪያ ጨርቅ ተጠቅጥቋል፤ ትራሱ አጠገብ ደግሞ ጠብታ የሚቀበል ድስት ተቀምጧል። ሲሊኮን ድስቱን አየ። ጃኬቱን አወለቀ።

የዛጉትን ብሎኖች በዘይት እያራሰ ፈታ። ድንጋይ የሆነውን አሮጌ ማሸጊያ በመሮ ፋቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ በአልኮል ጠረገ። የበሰበሰውን እንጨት አውጥቶ በደረቅ ተካ። አሮጌውን ፕላስቲክ ገዝቶ ባመጣው አዲስ ላይ አስተኝቶ መስመር አሰመረና ቆረጠ። አዲሱ ፕላስቲክ እንዳይጫጫር ፊትና ኋላው ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ጠርዙን ብቻ ላጠና የቀረውን ተወው። መግጠሙ ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እሱ ውጭ ሆኖ ብሎኑን በካቻቢቴ ሲያዞር፣ ሌላ ሰው ከውስጥ ዳዶውን በቁልፍ መያዝ አለበት።

«እኔ እይዝልሃለሁ» አሉ አሮጊቷ። «ለባሌም የምይዝለት እኔ ነበርኩ።»

የመጀመሪያውን እንደለመደው፣ እንደ አውቶቡስ መስታወት አጥብቆ አሰረው። ፕላስቲኩ ብሎኑ ሥር ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ ከውስጥ። «ይቺ እኮ መንገድ ላይ አትቆምም። ማዕበል ሲመጣ ጎኗ ይላወሳል። ቦታ ተውላት እንጂ!»

ሌላ ቆረጠ። ቀዳዳዎቹን በትራፓኖ ትንሽ አሰፋቸው። ማሸጊያውን ወፈር አድርጎ ቀባና ገና ጠርዙ ላይ ብቅ ማለት ሲጀምር ማጥበቁን አቆመ፤ ሲደርቅ ተመልሶ መጥቶ ይጨርሰዋል።

ወደሚቀጥለው መስኮት ተሻገሩ። ፕላስቲኩ ከነወረቀቱ መሐላቸው ነው፤ እሱ የእሳቸውን ፊት አያይም፣ እሳቸውም የእሱን። የሚሰማው ቁልፉ ከዳዶው ጋር ሲጋጭ ብቻ ነው። ፊታቸውን እያየ ነገሩ ከቶ ከአፉ እንደማይወጣ አወቀ።

«እማማ፣ ሚስት ላገባ ነው።»

ካቻቢቴውን አዞረ። ብሎኑ ሳይጠብቅ አብሮት ዞረ። ደግሞ ሞከረ፤ ባዶውን ዞረ። ከውስጥ የያዘው እጅ ለቆታል።

ማሸጊያው በጀልባዋ ነጭ ጎን ላይ መዝረብረብ ጀመረ። ሲሊኮን አልጠረገውም።

«ማናት?» አሉ ከውስጥ።

«መድኃኒት ቤት የምትሠራ ናት። ደህና ሰው ናት።»

«ልጄን ታውቃታለች?»

«አታውቃትም። ግን ትጠይቀኛለች፤ እኔም እነግራታለሁ።»

ከዚያ ቁልፉ ዳዶውን ሲነክስ ተሰማው።

«ያዝኩት። አጥብቅ» አሉ።

ጨርሶ ሲገባ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ ጭናቸው ላይ ነው። ሲሊኮን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«ቂም እንደያዙብኝ አውቃለሁ» አለ። «ቶሎ ሐኪም ቤት ወስጃት ቢሆን ኖሮ...»

«የምን ቂም? ማን አለህ?» አሉ ደንግጠው። ቀጥሎ ድምፃቸው ወረደ። «ኮቴህን በሰማሁ ቁጥር፣ ከኋላህ የሷን እጠብቅ ነበር። ብቻህን ብቅ ስትል እንደ አዲስ ትሞትብኛለች። ለዚህ ነው አትምጣ ያልኩህ። አንተ ምን አደረግህ?»

ሲሊኮን አለቀሰ። እሳቸው አላለቀሱም፤ እስኪወጣለት ጠበቁት።

«አግባ። ሠርግህ ላይ ግን አልገኝም፤ አንጀቴ አይችለውም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። የነበረችኝ እሷ ብቻ ናት። ቀባሪዬ አንተ ነህ። አዲስ ትዳር ያዝኩ ብለህ ይህን ለሌላ ሰው እንዳትተው።»

«እኔ ቆሜ!»

«በል እንግዲህ፣ ውጭ ያለው ማሸጊያ ሳይደርቅ ጥረገው። ጀልባዬን አዝረክርከህ እንዳትሄድብኝ።»

ማሸጊያው ሲደርቅ ተመለሰና ብሎኖቹን በሙሉ በልኩ አጠበቀ። እሱ ከላይ ባልዲ ባልዲ ውኃ ሲያፈስ፣ አሮጊቷ ከውስጥ ጠርዞቹን በደረቅ ጨርቅ እየዳሰሱ ፈተሹ። አንደኛው መስኮት ከጥጉ አንጠባጠበ፤ አውልቆ እንደገና ሠራው። በመጨረሻ ወረቀቱን ሲልጡት ብርሃኑ ክፍሉን ሞላው። አሮጊቷ መደርደሪያው ላይ የተኛውን አቧራ አይተው፣ «ኧረ ጉዴ! ይሄን ሁሉ ጉድፍ ታቅፌ ነው ለካ የምተኛው?» አሉ።

እንዳሉትም ሠርጉ ላይ አልተገኙም። ሲሊኮን ግን መመላለሱን አላቋረጠም፤ እየቆየም ሚስቱን ይዞ መሄድ ጀመረ። ሁለቱ ሴቶች ወዳጅ ሆኑ ማለት አይቻልም። የሚያወሩት ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ኪኒን ብቻ ነው። አሮጊቷ ሲታመሙ «ከጀልባዬ አልወርድም» አሉ፤ ከሥራ በኋላ እየሄደች መርፌ የምትወጋቸው፣ ፀጉራቸውን የምታጥባቸው እሷ ነበረች። የሞቱትም እዚያው፣ ደረቅ አልጋቸው ላይ ነው።

ሲሊኮን ቀበራቸው። መቃብሩ ላይ ከዘመድ ሁሉ ፊት የቆመው እሱ ነበር፤ ጎረቤቱ እጅ እየነሳ ያጽናናውም እሱን ነው።

ከቀብር መልስ ልብሳቸውን ሊሰበስቡ ከሚስቱ ጋር ወደ ወደቡ ሄዱ። ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ችሎት የነበረው ለቅሶ አሸነፈው። ለእናትየዋ ይሁን ለልጅቷ እንዳለቀሰ እሱም አልለየውም። ሚስቱ ተከትላው አልገባችም። ውጭ፣ የእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ተቀምጣ፣ ሳትጣራ ጠበቀችው።